ከንባብ አዳራሽ ወደ ቤተ መጻሕፍት፦ የአካባቢ የሕዝብ አብያተ መጻሕፍትን ነገ ማቀድ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ

በኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞችም ሆነ በኬንያና በኡጋንዳ አነስተኛ ከተሞች «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለበት በር በስተጀርባ የሚገኘው ነገር በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በግድግዳው ዙሪያ የቆሙ መደርደሪያዎች፣ በመግቢያው አጠገብ የመዝገብ ጠረጴዛ። በፈተና ሰሞን መቀመጫ አይገኝም። ይሁን እንጂ አንባቢዎቹ ፊት ለፊታቸው የዘረጉት ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው ያነሡትን መጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው ይዘው የመጡትን ደብተር ነው። ተማሪው የፈለገው መብራት፣ ጸጥታና ወንበር ነው፤ ያንንም አግኝቷል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከአምስት ከስድስት የቤተሰብ አባላት ጋር ለሚኖር ተማሪ ይህ የሚናቅ አገልግሎት አይደለም።

ነገር ግን የንባብ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት የተለያዩ ተቋማት ናቸው። አዳራሽ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የሚፈልገው ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛና የመብራት ክፍያ ነው። ቤተ መጻሕፍት ግን በየዓመቱ መጻሕፍት ይገዛል፣ ያረጁትን ያስወግዳል፣ ወደ ቤት ያውሳል፤ የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያነብና ለምን ማንበብ እንደተወ ጠይቆ የሚያውቅ ባለሙያም አለው። የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች የአብያተ መጻሕፍትን የወደፊት ዕቅድ ሲያወጡ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓይነት ተቋም ዕቅድ ነው፤ የሚጠብቁት ግን የሁለተኛውን ውጤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ምን እንደሆነና በምን ሊሞላ እንደሚችል ለመረዳት የአካባቢው አገሮች የሄዱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል።

ከማእከል ወደ ታች የወረደ ኀላፊነት

ከነጻነት በፊት በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት አብያተ መጻሕፍት በአመዛኙ ለአፍሪካውያን የታሰቡ አልነበሩም። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1958 ድረስ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነበር። ከዚህ በተለየ መንገድ የተጓዘው በ1948 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ ነው። ቢሮው መጻሕፍትን በሣጥን እያደረገ ወደ ገጠር ይልክ፣ በፖስታ ያውስ፣ በአገሬው ቋንቋዎችም ያሳትም ነበር። በዚያ አሠራር ውስጥ ዛሬ ተረስቶ የሚገኝ አንድ ብልኀት አለ፤ የሚያሳትመውና የሚያውሰው አካል አንድ በመሆኑ ሰዎች በየቋንቋቸው ምን እንደሚሹ አሳታሚው ከአንባቢው በቀጥታ መስማት ይችል ነበር። ከነጻነት በኋላ ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ። ማዋሱ ለአብያተ መጻሕፍት ቦርዶች፣ ማሳተሙ ደግሞ ገበያቸው የትምህርት ቤት መማሪያ ለሆነ አሳታሚዎች ሄደ።

ታንጋኒካ በ1963፣ ኡጋንዳ በ1964፣ ኬንያ በ1965 የየራሳቸውን ብሔራዊ የአብያተ መጻሕፍት ቦርድ በሕግ አቋቋሙ። በዋና ከተማው ያለው ቦርድ መጽሐፍ ይገዛል፣ ይመድባል፣ ካታሎግ ያዘጋጃል፣ ለቅርንጫፎች ያከፋፍላል። የአሠራሩ ጥንካሬ ትንሿ ከተማ ብቻዋን ልታገኘው የማትችለውን ባለሙያና የግዥ ዐቅም ማግኘቷ ነው። ድክመቱ ደግሞ የሩቅ መንደር አንባቢ ምርጫ በማእከሉ ጆሮ ሳይደርስ መቅረቱ ነበር። ታንዛኒያ እስካሁን ማእከላዊውን ቦርድ እንደያዘች ናት። ኡጋንዳ በ2003 በወጣው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕግ የሕዝብ አብያተ መጻሕፍትን ለአካባቢ መስተዳድሮች ትታ ለማእከሉ የምክርና የድጋፍ ሚና አስቀረችለት። የኬንያው የ2010 ሕገ መንግሥት በአራተኛው ሠንጠረዥ አብያተ መጻሕፍትን ከካውንቲዎች ተግባር መካከል በስም ጠቅሶ አስቀመጠ።

ሥልጣንን ወደ አንባቢው ማቅረብ በመርሕ ደረጃ የሚያከራክር አይደለም። አስቸጋሪው በአፈጻጸም የሚታየው ነው። በኬንያ 47ቱ ካውንቲዎች በ2013 ሥራ ከጀመሩ በኋላ የቅርንጫፎቹ ርክክብ ለዓመታት ተጓተተ። ሕጉ ኀላፊነቱን ሲያወርድ የደመወዝና የመጽሐፍ መግዣ ገንዘብ አብሮ ካልወረደ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ባለቤት ያለው ይመስልና አንድም ባለቤት ሳይኖረው ይቀራል። ማእከሉ «ከእኔ ወጥቷል» ይላል፤ የአካባቢው መስተዳድር «ገና አልተረከብኩም» ይላል። በመሀሉ የሚቋረጠው ሕንፃው አይደለም፤ የመጽሐፍ ግዥው ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ኢትዮጵያ የጎረቤቶቿን መንገድ አልተከተለችም። በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሲቋቋም ለአገሪቱ ዋናው የንባብና የመዛግብት ማእከል ሆነ፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተጠናከረው ተቋምም ዋነኛ ትኩረቱ የአገሪቱን መዛግብትና ጽሑፎች መሰብሰብና መጠበቅ ነው። እንደ ኬንያው ወይም እንደ ታንዛኒያው ያለ፣ ቅርንጫፎችን በመላ አገሪቱ እየከፈተ የሚያስተዳድር ቦርድ ግን አልተፈጠረም። የየአካባቢው አብያተ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሥር ስለሚገኙ፣ በበጀት ክርክር ወቅት ከበዓላት ዝግጅትና ከቅርስ ጥበቃ ጋር ይሻማሉ። በዓል ቀን አለው፤ ቅርስ ጎብኚ አለው። ቤተ መጻሕፍት ግን ገንዘብ ባይመደብለት ጉዳቱ በዚያው ዓመት አይታይም።

በአገሪቱ ታሪክ ሰፊው የአካባቢ ንባብ ሙከራ የተደረገው ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። አዲስ ማንበብ የቻለው ገበሬ የተማረውን እንዳይረሳ በየገጠር ቀበሌው የንባብ ክፍሎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹም በነዋሪው ጉልበትና መዋጮ የቆሙ ነበሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል። ክፍሎቹ ግን የተሰጣቸውን የመጀመሪያ ስብስብ አንብበው ሲጨርሱ የሚተካ አልመጣላቸውም። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። ውድቀቱን ለፖለቲካው ለውጥ ብቻ መስጠት ቀላል ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ አዲስ መጽሐፍ የሚያመጣ ቋሚ መስመር ያልነበረው ክፍል ያለ ምንም ለውጥም ቢሆን ባዶ መሆኑ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍተቱን የሞሉት በአመዛኙ ግብረ ሰናይ ጅምሮች ናቸው። ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር ከተሞች የሚገኙ የማኅበረሰብ አብያተ መጻሕፍትን ሲረዳና በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍትን ሲያሳትም ቆይቷል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲደርሱ አደረጉ። በኬንያም የብሔራዊው አገልግሎት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ከጋሪሳ ተነሥቶ መጻሕፍትን በግመል ወደ አርብቶ አደሩ መንደሮች ማድረስ ጀምሯል። የአህያውና የግመሉ ሥዕል በዓለም ዙሪያ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ ለዕቅድ አውጪው የሚጠቅመው ግን ሥዕሉ ሳይሆን የወጪው አወቃቀር ነው። ሕንፃ የለውም፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለሰውና ለመጽሐፍ ነው። ግመሉ በየሳምንቱ መቀለብ ስላለበት ዓመታዊ በጀቱን ማንም ሊረሳው አይችልም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢዎችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው። በከተማዋ መሀል እንዲህ ያለ ቦታ ለንባብ መሰጠቱ ትልቅ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ከአያት፣ ከካራ ቆሬ ወይም ከአቃቂ የሚነሣ የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት በኋላ ብቻውን አራት ኪሎ አይደርስም። ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ትንንሾቹን የሚተካ ከሆነ የልጆችን፣ የእናቶችንና የአረጋውያንን ንባብ ያጣል። ትንንሾቹን የሚመግብ ከሆነ፣ ማለትም ለወረዳዎቹ መጽሐፍ በጅምላ የሚገዛ፣ ካታሎግ የሚያዘጋጅና ስብስብ በየጊዜው የሚያዘዋውር ከሆነ፣ ያ የጎረቤት አገሮች ማእከላዊ ቦርዶች ያስገኙት ጥቅም ያለ ድክመታቸው ሊገኝ ይችላል።

የሁለተኛው ዓመት በጀት

የአካባቢ መስተዳድር በጀት በሁለት ይከፈላል፤ ካፒታልና መደበኛ። ሕንፃ በካፒታል በጀት ይሠራል፣ በጀቱም ሕንፃው ሲያልቅ ይዘጋል። ደመወዝ በመደበኛ በጀት ይከፈላል። መጽሐፍስ? ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስብስብ ከካፒታሉ ጋር ይገዛል ወይም በስጦታ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ በመደበኛው በጀት ውስጥ ለመጽሐፍ የተለየ መስመር አይኖርም። የጽሕፈት መሣሪያ መግዣ ከሚለው አርእስት ውስጥ የተረፈ ካለ ጥቂት ይገዛ ይሆናል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት 5,000 መጻሕፍት አሉት እንበል። በእጅ የሚዞር መጽሐፍ በአማካይ 10 ዓመት ቢቆይ፣ ስብስቡን ባለበት ለማቆየት ብቻ በዓመት 500 መጻሕፍት መተካት አለባቸው። አንዱ መጽሐፍ 400 ብር ቢሆን በዓመት 200,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለአንድ ወረዳ ከባድ ላይሆን ይችላል፤ ከሕንፃ ዋጋ ጋር ሲነጻጸርማ ኢምንት ነው። መስመሩ ከሌለ ግን ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ አንድ ዐሥረኛውን ያጣል፣ በአምስተኛው ዓመት ግማሹ ያረጀ ይሆናል፤ የተመረቀበት ሪባን ፎቶግራፍ ግን ገና አልደበዘዘም።

ስጦታ ይህን ቀዳዳ አይደፍንም። ከውጭ በኮንቴይነር የሚመጣ መጽሐፍ አንድን ልጅ አይቶ አልተመረጠም፤ ሌላ አገር ከትምህርት ቤት ወይም ከመደብር የወጣ ትርፍ ነው። በውስጡ ዕንቁ የሆነ መጽሐፍ አይጠፋም። ሆኖም ለመደርደር፣ ለመመዝገብና ቦታ ለመስጠት የሚወጣው ጉልበት በገንዘብ ቢሰላ «ነጻ» የሚለው ቃል አጠራጣሪ ይሆናል። ስጦታ የሚቀበል ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ የተጻፈ የመቀበያ መመሪያ ሊኖረው ይገባል፤ በምን ቋንቋ፣ ለየትኛው ዕድሜ፣ ከስንት ዓመት ወዲህ የታተመ። «አንቀበልም» ማለት በባህላችን ነውር ስለሚመስል መመሪያው በጽሑፍ መኖሩ ባለሙያውን ከይሉኝታ ያድነዋል።

በማን ቋንቋ?

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በኢትዮጵያ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት ይጀምራሉ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በአፋርኛ ማንበብ የተማረ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ በዚያ ቋንቋ የሚያነበው ለማግኘት ሲፈልግ መደርደሪያው በአመዛኙ እንግሊዝኛና አማርኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። በአማርኛ ተናጋሪው አካባቢም ቢሆን ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ከተረት መጽሐፍ በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ልብ ወለዶች መዝለል ይገደዳል። በዚህ ድልድይ በሌለው ቦታ ብዙ አንባቢ ይቀራል።

አሳታሚዎች «ገዢ የለም» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። አብያተ መጻሕፍት «የታተመ የለም» ይላሉ፤ እነርሱም ትክክል ናቸው። ይህን ክብ ሊሰብር የሚችለው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን በመካከላቸው የሚገባ የተረጋገጠ ግዥ ነው። አንድ ክልል በሥሩ ላሉ 100 የወረዳ አብያተ መጻሕፍት ከእያንዳንዱ ርእስ አምስት አምስት ቅጂ ለመግዛት አስቀድሞ ቃል ቢገባ፣ 500 ቅጂ የተሸጠለት አሳታሚ የማተሚያ ወጪውን ጉልህ ክፍል ሳይፈራ ሊሸፍን ይችላል። ለአነስተኛ ቋንቋዎች ደግሞ እንደ አፍሪካን ስቶሪቡክ ያሉ፣ ማንም ሊተረጉማቸውና ሊያትማቸው በሚያስችል ክፍት ፈቃድ የሚሰራጩ የሥዕል መጻሕፍት አሉ። የአካባቢው መምህር ተርጉሞ፣ በከተማው ማተሚያ ቤት ታትመው፣ በስቴፕለር ተሰፍተው መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። የምሥራቅ አፍሪካው የሥነ ጽሑፍ ቢሮ የነበረው ትስስር፣ ማለትም የማሳተምና የማዋስ ጉርብትና፣ በትንሹ መልሶ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በዚሁ አንጻር ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች ጉዳይ ተነጥሎ መታየት የለበትም። ኢትዮጵያና ኬንያ ጽሑፎችን በብሬል፣ በድምፅና በመሳሰሉት ቅርጾች ማባዛትን የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት አባል አገሮች ናቸው፤ ሕጋዊው በር ከተከፈተ የቀረው ቀረጻውን የሚያከናውን ሰውና ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ዲጂታል አገልግሎትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኢንተርኔት መስመር በማይረጋበት ቦታ፣ ፋይሎችን በራሱ ይዞ በክፍሉ ውስጥ በዋይፋይ የሚያሰራጭ አነስተኛ ሰርቨር ከዐሥር ውድ ኮምፒውተሮች የተሻለ ይሠራል።

መጽሐፍ ከበሩ ሲወጣ

ከሁሉም ይልቅ የቤተ መጻሕፍትን ባሕርይ የሚወስነው መጽሐፉ ወደ ቤት መሄዱ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር መጽሐፍ እንደማንኛውም ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በአንድ ሠራተኛ ስም ይመዘገባል። የጠፋው በዚያ ሠራተኛ ላይ ይቆጠራል፤ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚያገኘው ቆጠራው ሲሞላ ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚተዳደር ባለሙያ ይህን እያወቀ ለማያውቀው ልጅ መጽሐፍ ቢያውስ ደፋር መባል አለበት። ስለዚህ የተለመደው መፍትሔ የመደርደሪያውን መስታወት መቆለፍ፣ ንባቡን በአዳራሹ ውስጥ መገደብ፣ ለውሰት ደግሞ ደመወዝተኛ ዋስ መጠየቅ ሆኗል። ዋስ ማምጣት የማይችለው ደግሞ በቤቱ መጽሐፍ የሌለው ቤተሰብ ልጅ ነው። ባለሙያውን ሰነፍ ወይም ቆንቋና አድርጎ መውቀስ ከጉዳዩ ያርቃል፤ ደንቡ የሚጠይቀውን ነው የሚፈጽመው።

ደንቡ ሊለወጥ ይችላል፤ ለውጡም ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ተራ የልጆች መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ኮምፒውተር ቋሚ ዕቃ ሳይሆን፣ በአገልግሎት እንደሚያልቅ አላቂ ዕቃ ሊመዘገብ ይችላል። የአካባቢው ምክር ቤት በዓመት ከስብስቡ ምን ያህሉ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ያለ ተጠያቂነት እንደሚሰረዝ በመቶኛ ሊወስን ይችላል። በዋስ ፈንታ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም የዕድሩ ዳኛ የሚሰጠው የመተዋወቂያ ወረቀት ሊበቃ ይችላል። መዛግብት፣ ብርቅዬ መጻሕፍትና ውድ የማጣቀሻ ሥራዎች ከዚህ ውጭ ይሆናሉ፤ እነርሱ መጠበቃቸው ተገቢ ነው።

የሰዓቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በመሥሪያ ቤት ሰዓት ተከፍቶ በመሥሪያ ቤት ሰዓት የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ለሠራተኛውም ለተማሪውም ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜንና ምሽትን ለመክፈት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም ሁለተኛ ፈረቃ ያስፈልጋል፤ ይህም የመደበኛ በጀት ጥያቄ ነው።

በናይሮቢ የካሎሌኒና የማካዳራ ሰፈሮች ቅርንጫፎች የዚህ ሁሉ መፈተኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋንጂሩ ኮይናንጌና በአንጀላ ዋቹካ የተመሠረተው ቡክ ባንክ ከከተማዋ አስተዳደር ጋር ተስማምቶ የማክሚላንን ቤተ መጻሕፍትና ሁለቱን ቅርንጫፎች ለማደስ ሲነሣ ሕንፃዎቹን ከመጠገን ጎን ለጎን ስብስቡን መመርመርና ነዋሪዎቹን ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ የሥራው አካል አድርጎታል። የትንንሾቹ ቅርንጫፎች እድሳት ከዋናው ቀድሞ መጠናቀቁ ልብ ሊባል ይገባል፤ ነዋሪው በእግሩ የሚደርስባቸው እነርሱ ናቸው። ከአስተዳደሩ ጋር የተደረገው ስምምነት ሲያበቃ ደመወዙንና የመጽሐፍ ግዥውን ማን እንደሚሸከም የሚለው ጥያቄ ግን በናይሮቢም እንደ ጋሪሳ፣ እንደ ሐዋሳና እንደ አዲስ አበባ ወረዳዎች ሁሉ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ የሚመለስ ነው።

ለአፈጻጸም ሪፖርት የሚመረጠው መለኪያም ዕቅዱን ይቀርጸዋል። ዛሬ በአመዛኙ የሚቆጠረው በበሩ የገባው ሰው ነው፤ በዚህ መለኪያ የፈተና ሰሞን አዳራሽ ምንጊዜም የተሳካ ይመስላል። ከዚያ ጎን ሦስት ቁጥሮች ቢጻፉ ሥዕሉ ይለወጣል፦ በወሩ ወደ ቤት የሄዱ መጻሕፍት፣ በዓመቱ የተገዙ አዳዲስ ርእሶች በቋንቋ ተለይተው፣ እንዲሁም ከ12 ዓመት በታች ያሉ ተዋሾች። ሦስቱንም አንድ ባለሙያ በአንድ ደብተር ሊይዛቸው ይችላል። የወረዳው ምክር ቤት በግንቦትና በሰኔ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያይ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ፣ የመጽሐፍ መግዣው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ አርእስት ሊኖረው ይችላል።